አኖቫ፦ የብዙ ቡድኖችን አማካይ ማወዳደሪያ

አኖቫ ወይም የልይይት (የመረጃ መበታተን መጠን) ትንተና በሦስትና ከዚያ በላይ በሆኑ ቡድኖች አማካይ መካከል የታየው ልዩነት እውነተኛ ነው ወይስ አጋጣሚ የወለደው ነው የሚለውን የሚመረምር የስታቲስቲክስ ዘዴ ነው። ዛሬ በሕክምናም በትምህርትም ጥናት ይሠራበታል፤ የተወለደው ግን እርሻ ላይ ነው። ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1919 እንግሊዝ አገር በሚገኘው የሮታምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሲቀጠር፣ ለአሥርተ ዓመታት የተከማቸ የማዳበሪያና የምርት መዝገብ ጠበቀው። በ1923 ከዊኒፍሬድ ማኬንዚ ጋር ስለ ድንች ዝርያዎች ባሳተመው ጥናት ዘዴውን ሥራ ላይ አዋለ፤ በ1925 ያወጣው መጽሐፍ ደግሞ ለተመራማሪዎች ሁሉ አዳረሰው።

ሁለት ሁለቱን እያወዳደሩ መጨረስ አይቻልም ወይ? አምስት ቡድን ካለ አሥር ጥንድ ይወጣል። በእያንዳንዱ ፈተና የ5 በመቶ የመሳሳት ዕድል ካለና ፈተናዎቹ የማይነካኩ ቢሆኑ፣ ምንም ልዩነት በሌለበት ቢያንስ አንድ ጊዜ «ልዩነት አለ» የማለት ዕድሉ 40 በመቶ ይደርሳል። አኖቫ ጥያቄውን በአንድ ፈተና ይጠይቃል።

ለማሳያ ያህል፣ ሦስት የጤፍ ዝርያዎች እያንዳንዳቸው በአራት መደብ ተዘሩ እንበል። በሄክታር የተገኘው ኩንታል ለአንደኛው 13፣ 15፣ 15፣ 17፤ ለሁለተኛው 20፣ 21፣ 19፣ 24፤ ለሦስተኛው 17፣ 18፣ 16፣ 21 ሆነ። አማካያቸው 15፣ 21 እና 18፣ የጠቅላላውም 18 ነው። እያንዳንዱ መደብ ከጠቅላላው አማካይ የራቀበት መጠን በራሱ ተባዝቶ ሲደመር 108 ይመጣል። ከዚህ ውስጥ 72ቱ ዝርያዎቹ እርስ በርስ በመለያየታቸው የመጣ ነው፤ 36ቱ አንድ ዝርያ በተዘራባቸው መደቦች መካከል የታየ ልዩነት ነው። 72 ለ2 (ከሦስቱ ዝርያ አንድ ተቀንሶ) ሲካፈል 36፣ 36 ለ9 (ከ12ቱ መደብ ሦስት ተቀንሶ) ሲካፈል 4 ይሆናል። 36 ለ4 ሲካፈል የሚገኘው 9 የኤፍ ዋጋ ይባላል፤ «ኤፍ» የተባለውም በጆርጅ ስኔዴኮር ለፊሸር ክብር ነው። በ5 በመቶ የመሳሳት ደረጃ ኤፍ ማለፍ ያለበት ወሰን 4.26 ስለሆነ «ሦስቱም እኩል ናቸው» የሚለው መላምት ይወድቃል።

ኤፍ ግን የትኛው ከየትኛው እንደሚለይ አይናገርም። አማካዮቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ በሚያወዳድረው የቱኪ ዘዴ ስናየው ሁለት አማካዮች ተለያዩ ለመባል ወደ 3.95 ኩንታል መራራቅ አለባቸው፤ ይህን የሚያሟሉት በ6 ኩንታል የሚራራቁት አንደኛውና ሁለተኛው ብቻ ናቸው። ብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች ኤፍን አስልተው እዚህ ሳይደርሱ መቆማቸው ያሳዝናል።

ማሳው ቁልቁለት ቢሆንና ከላይ ወደ ታች በአራት ብሎክ ተከፍሎ፣ በየብሎኩ ሦስቱም ዝርያዎች በዕጣ ተዘርተው ቢሆንስ? ከላይ የተዘረዘሩት ቁጥሮች በየተራቸው ከብሎክ አንድ እስከ አራት የተገኙ ከሆኑ፣ ከ36ቱ 32ቱ የመሬቱ ልዩነት ሆኖ ይወጣል። የቀረው 4 ለ6 (ከ9ኙ ለአራቱ ብሎኮች ሦስት ተቀንሶ) ሲካፈል 0.67 ነው፤ ኤፍ ወደ 54 ይዘላል፤ የቱኪ ወሰን ወደ 1.8 ገደማ ወርዶ ሦስቱም ዝርያዎች እርስ በርስ ይለያያሉ። ምርቱ ያው ነው፤ የተለወጠው አዘራሩ ነው። ስለዚህ ምርት ከተሰበሰበ በኋላ ብሎክ መፍጠር አይፈቀድም፤ ዕጣው የሚወጣው ዘር ሳይበተን ነው። ለእኔ የፊሸር ትልቁ ውለታ ከቀመሩ ይልቅ ይህ ሙከራን አስቀድሞ የማቀድ ትምህርት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 የተለቀቀውን ቁንጮ የተባለ የጤፍ ዝርያ ያወጣው የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከልን ጨምሮ የአገራችን ዝርያ አውጪዎች የሚሠሩት በዚሁ ዓይነት የብሎክ ሙከራ ነው። ሙከራው በበርካታ ቦታዎች ሲደገም ሁለተኛ ጥያቄ ይመጣል፤ በአንዱ አካባቢ ቀዳሚ የሆነ ዝርያ በሌላው ኋላ ሊቀር ይችላል። ይህን የዝርያና የቦታ መስተጋብር አኖቫ ለብቻው ነጥሎ ያሳያል። መስተጋብሩ ጎልቶ ከታየ የየዝርያውን አጠቃላይ አማካይ ብቻ ይዞ ለሁሉም ገበሬ አንድ ዝርያ መምከር ስህተት ነው።

ዘዴው መረጃዎቹ እርስ በርስ የማይነካኩ፣ ስህተቶቹ (ከየቡድኑ አማካይ ያላቸው ርቀት) ወደ ኖርማል ሥርጭት፣ ማለትም መሃሉ ላይ ተሰብስቦ ወደ ሁለቱም ጫፍ እኩል ወደሚሳሳው የደወል ቅርጽ፣ የቀረቡ፣ የቡድኖቹም ልይይት ተቀራራቢ እንዲሆን ይጠይቃል። ልይይቱ እኩል ካልሆነ የዌልች አኖቫ፣ ሥርጭቱ ከኖርማል እጅግ ከራቀ ደግሞ ከቁጥሮቹ መጠን ይልቅ በቅደም ተከተላቸው ላይ የተመሠረተው የክሩስካል-ዋሊስ ፈተና ይመረጣል። የመጀመሪያውን ሁኔታ ግን የትኛውም ፈተና አይጠግነውም፤ ከአንድ መደብ አራት ጊዜ የተመዘነ ጤፍ አራት መደብ አይሆንም።