የጉዞ ግራንት ምንድን ነው? ጉዞ ሲከለከልስ?

የጉዞ ግራንት ማለት አንድ የጥበብ ባለሙያ ወደ ሌላ አገር ሄዶ ሥራውን እንዲያሳይ፣ እንዲማር ወይም ከሌሎች ጋር እንዲሠራ የሚሰጠው ገንዘብ ነው። ብድር አይደለም፤ አይመለስም። ሽልማትም አይደለም። ሽልማት የሚሰጠው ለተሠራ ሥራ ነው፤ ግራንት ግን ገና ላልተሠራ። ለዚህም ነው ፕሮፖዛል፣ በጀት፣ ውል፣ በመጨረሻም ሪፖርት የሚጠየቀው።

ገንዘቡ አብዛኛውን ጊዜ ለትኬት፣ ለማደሪያ፣ ለቪዛ፣ ለኢንሹራንስና ለቀን አበል ይውላል። ለባለሙያው የድካሙን ዋጋ የሚከፍሉ አሉ፤ የማይከፍሉም አሉ። የአውሮፓ ኅብረት በ2019 አይ-ፖርቹነስ ብሎ በሙከራ መልክ የጀመረው ፕሮግራም እንዲህ ያለ የጉዞ ድጋፍ ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። አርት ሙቭስ አፍሪካ የተባለው ድርጅት ደግሞ የአፍሪካ ባለሙያዎች በአህጉሩ ውስጥ ከአገር አገር እንዲዘዋወሩ ወጪያቸውን ሲደግፍ ኖሯል።

ይህ ጽሑፍ በተለይ የሚያየው ጀማሪ ባለሙያዎችን ነው። ጀማሪ ሲባል የግድ ወጣት ማለት አይደለም። ዕድሜ የሚገድቡ ፈንዶች (ገንዘብ ሰጪ ተቋማት) ባይጠፉም፣ ብዙዎቹ የሚያዩት ሰውየው ስንት ዓመት እንደሠራና ሥራው የት የት እንደታየ ነው። በአርባ ዓመቱ ብሩሽ ያነሳም ጀማሪ ነው።

ለጀማሪ ደግሞ የጉዞው ዋና ጥቅም ትኬቱ አይደለም፤ ትውውቁ ነው። ስም ያለው ሠዓሊ ቤቱ ቁጭ ብሎ ስልክ ይደወልለታል። ጋለሪ አለው፣ የሚያውቁት ኩሬተሮች (ኤግዚቢሽን የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች) አሉ። ጀማሪው ያለው ነገር በአካል መገኘቱ ብቻ ነው። ከመክፈቻው ምሽት በኋላ ቆሞ ማውራት፣ አንድ ሰው ስቱዲዮው ድረስ ጎራ እንዲል መጋበዝ፣ እግረ መንገዱን ሌላ ግብዣ ማግኘት። በጀቱ ላይ እንዲህ የሚል መስመር የለም፤ ግን ሰጪው ገንዘቡን የሚያወጣው በአብዛኛው ለዚህ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ማርች 11 ቀን 2020 ኮቪድን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ ሲፈርጅ የተቋረጠው ይህ ነው። ድንበሮች ተዘጉ፤ በረራዎች ተሰረዙ። በስኮትላንድ የሚካሄደው የኤዲንብራ ፍሪንጅ የመድረክ ጥበባት ፌስቲቫል በዚያ ዓመት ተሰረዘ። የቬኒስ የሥነ ሕንፃ ቢዬናሌ (በየሁለት ዓመቱ የሚካሄድ ትልቅ ኤግዚቢሽን) ከ2020 ወደ 2021 ሲገፋ፣ የሥዕሉ ቢዬናሌም አብሮ ከ2021 ወደ 2022 ተገፋ። ግራንት አሸንፎ ሻንጣውን ያዘጋጀ ሰው የሚሄድበት ነገር ራሱ አልነበረም።

ሰጪዎቹ ከሦስት አንዱን አደረጉ፦ አራዘሙ፣ ሰረዙ ወይም ቀየሩ። ማራዘሙ ቀላል ይመስላል፤ ግን ሥራውን ለቆ፣ የቤት ኪራይ ውሉን አፍርሶ የጠበቀ ሰው ለአንድ ዓመት ምን ይበላል? ሲሰረዝ ደግሞ የውሉ ጥቃቅን ጽሑፍ ጉድ ያፈላል። «ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት» የሚለው አንቀጽ ሁለቱንም ወገን ከግዴታ ነፃ ያደርጋል፤ ነገር ግን አስቀድሞ የተከፈለውንና የማይመለሰውን ትኬት ማን እንደሚሸከም ሁልጊዜ አይናገርም። ደህና ሰጪ ያንን ወጪ ተቀብሎ ይዘጋዋል። ሁሉም ደህና አይደለም።

ከሁሉ የሚገርመው መቀየሩ ነው። የጀርመኑ ጎተ ኢንስቲትዩት በተለያዩ አገሮች ያሉ ባለሙያዎች ሳይገናኙ አብረው የሚሠሩበት የኦንላይን ሬዚደንሲ (ለተወሰነ ጊዜ የሚሰጥ የሥራ ቆይታ) ጀመረ። የካናዳ የጥበባት ምክር ቤት «ዲጂታል ኦሪጂናልስ» በሚል ስም ሥራን ለኢንተርኔት ለማዘጋጀት 5,000 የካናዳ ዶላር ሰጠ። ገንዘቡ ከትኬት ወጥቶ ወደ ካሜራ፣ ወደ ኢንተርኔት ክፍያ፣ ወደ ባለሙያው ጊዜ ዞረ። ለአንዳንዱ ይህ በረከት ነበር። ቪዛ ሲከለከል የኖረ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ከሌሎቹ እኩል ተቀመጠ። ልጅ ጥሎ መሄድ የማትችል እናትም እንዲሁ።

ግን አንደባብቅ፤ የዙም ስብሰባ ትውውቅ አይወልድም። ሰዓቱ ሲደርስ መስኮቱ ይዘጋል፤ ሁሉም ወደየቤቱ። ቪዲዮ የሚሠራው ብዙም አልጎደለበት ይሆናል። ከድንጋይና ከብረት ጋር የሚታገለው ቀራጺ ግን ሥራውን በስልክ ስክሪን ሲያሳይ ግማሹ ጠፍቷል። ኔትወርኩ ደካማ የሆነበት ወይም ስብሰባው በእሱ ሌሊት ላይ የሚውልበትም ሰው «እኩል» ነው ሲባል ትንሽ ያስቃል።

ከዚህ ጋር የሚምታታ ሌላ ነገር አለ፤ የአስቸኳይ ጊዜ ድጋፍ። ይህ ፕሮጀክት አይጠይቅም፤ ችግርን ነው የሚያየው። በአሜሪካ አርቲስት ሪሊፍ የተባለው የድርጅቶች ጥምረት በኤፕሪል 2020 ለአንድ ባለሙያ 5,000 ዶላር መስጠት ጀመረ። የእንግሊዝ የጥበባት ምክር ቤት 160 ሚሊዮን ፓውንድ መደበ፤ በዚያው ሰሞን ግን ባለሙያዎች ራሳቸውን ለማሳደግ የሚያመለክቱበትን መደበኛ ግራንት ለጊዜው አቆመ። አንዱን ኪስ ለመሙላት ሌላው መራቆቱ አይቀርም።

ጀማሪዎች በብዛት የወደቁት ድጋፍ ከገቢ ማስረጃ ጋር ሲታሰር ነው። የብሪታንያ መንግሥት በግላቸው ለሚሠሩ ሰዎች ያወጣው ድጋፍ በመጀመሪያ ዙሮቹ የ2018/19 የግብር ማስታወቂያ ይጠይቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ የጀመረ ሰው ማስረጃው የለውም፤ ስለዚህ ከነጭራሹ አይቆጠርም። በ2021 አራተኛው ዙር ላይ ነው የ2019/20 ማስታወቂያ ያስገቡት የገቡት። እንደ እኔ ከሆነ ይህ ከድንበሩ መዘጋት ያላነሰ ጉዳት ነው። ጀማሪ ማለት የገቢ ታሪክ ገና የሌለው ማለት ነውና፣ በታሪክ የሚለካ ድጋፍ እሱን ሊያገኘው አይችልም።

እገዳዎቹ ሲላሉ ፈንዶቹ በከፊል ወደ ቀድሞው ተመለሱ። በ2022 የተጀመረው የአውሮፓ ኅብረት የጉዞ ድጋፍ፣ ካልቸር ሙቭስ ዩሮፕ፣ በአካል መሄድን ይጠይቃል፤ ለግለሰብ ከ7 እስከ 60 ቀን። ሆኖም ለቪዛ፣ ለአካል ጉዳት፣ ልጅ ላላቸው፣ ከአውሮፕላን ይልቅ በሌላ መጓጓዣ ለሚሄዱም ተጨማሪ ገንዘብ አለው። ዛሬ የሚያመለክት ጀማሪ ከገንዘቡ መጠን በፊት ሁለት ነገር ቢያነብ ይበጀዋል። አንደኛ፣ ጉዞው ቢሰረዝ የወጣው ወጪ ይታሰባል ወይ? ሁለተኛ፣ ለባለሙያው ለራሱ የሚከፈል መስመር በጀቱ ውስጥ አለ ወይ? ሁለተኛው ከሌለ፣ አውሮፕላኑ የቆመ ቀን እጁ ላይ የሚቀረው ነገር የለም።