ዪዉ ለመሄድ ላሰቡ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ዪዉ በቻይና ዠጂያንግ ክፍለ ሀገር፣ ከሻንጋይ በደቡብ ምዕራብ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። በ2020 እ.ኤ.አ. ቆጠራ ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ነዋሪ ነበራት፤ ለቻይና ይህ መካከለኛ ከተማ ነው። ዕቃ ለሚያስመጣ ሰው ስሟ አዲስ አይደለም። ችግሩ ስለ ዪዉ የሚሰጠው ምክር አብዛኛው ከጓንዡ ወይም ከዱባይ ጉዞ የተቀዳ መሆኑ ነው። እዚያ የሠራ ዘዴ እዚህ ቀን ያስበላል፤ የሆቴሉ ሂሳብ ደግሞ ይቆጥራል።

«ጓንዡ ከገባሁ ዪዉ ቅርብ ነው»

በመንገድ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጓንዡ ሌላ ጉዳይ ከሌለዎት ትኬትዎን በሻንጋይ ይቁረጡ። ከአዲስ አበባ የሚነሳው አውሮፕላን የሚያርፈው በሻንጋይ ፑዶንግ አውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ ወደ ዪዉ የሚወስዱት ፈጣን ባቡሮች በብዛት የሚነሱት ግን ከከተማዋ ሌላ ጫፍ፣ ከሆንግቺያው ጣቢያ ነው። ሁለቱን የሜትሮ መስመር 2 ያገናኛቸዋል፤ አንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። የኢሚግሬሽን ሰልፍና ሻንጣ መጠበቅ ሲጨመርበት፣ ካረፉ በኋላ 4 ሰዓት ሳይሞላ የሚነሳ ባቡር አይያዙ። ባቡሩ ራሱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ቢወስድ ነው።

ትኬት 12306 በተባለው የመንግሥት መተግበሪያ ላይ በፓስፖርት ቁጥር ይቆረጣል፤ ሽያጩ የሚከፈተው ከጉዞው 15 ቀን በፊት ነው። የወረቀት ትኬት የለም፤ ፓስፖርትዎን ሠራተኛ በቆመበት በር ያሳያሉ። በሩ ባቡሩ ከመነሳቱ ጥቂት ደቂቃ በፊት ይዘጋል። ብዙዎች የማያውቁት ደግሞ የሻንጣውን ገደብ ነው፦ ለአንድ አዋቂ 20 ኪሎ፣ የሻንጣው ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት ተደምሮ ከ130 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ። አውሮፕላኑ ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ስለፈቀደ ባቡሩም ይፈቅዳል ማለት አይደለም። በመመለሻ ናሙና ተሸክሞ ከመጉላላት ከዋናው ዕቃ ጋር ኮንቴነር ውስጥ ማስጫን ይሻላል።

በአገር ውስጥ በረራ የሚሄዱ ከሆነ ፓወር ባንክዎ ላይ የቻይናው 3ሲ (CCC) የደህንነት ማረጋገጫ ምልክት በግልጽ መታተሙን ይመልከቱ። ከሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ምልክቱ የሌለውን ፍተሻ ላይ ይይዙታል።

«ለ240 ሰዓት ያለ ቪዛ መግባት ይቻላል»

ለአንዳንድ ፓስፖርቶች እውነት ነው፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም። የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው ኢትዮጵያዊ ተወላጅ ሊጠቀምበት ይችላል፤ ግሪን ካርድ ብቻ ያለው አይችልም። ቅድመ ሁኔታም አለው፦ ከመጡበት አገር ውጭ ወደ ሦስተኛ አገር መቀጠል ግዴታ ነው። ከአዲስ አበባ ሻንጋይ ገብቶ ወደ አዲስ አበባ መመለስ አያስቆጥርም። ለንግድ ሥራ ትክክለኛው የኤም ቪዛ ነው፤ ከቻይና ኩባንያ የግብዣ ደብዳቤ ስለሚፈልግ ከበረራ ትኬት በፊት እሱን ይጀምሩ።

«ዶላር በኪሴ ካለ ይበቃል»

ሱቅና ታክሲ በዶላር አይሠሩም። ሲገቡም ከ5,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ከያዙ ለጉምሩክ ማሳወቅ አለብዎት። ለዕለት ወጪ አሊፔይ ወይም ዊቻት በተባሉት የስልክ መክፈያ መተግበሪያዎች ላይ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ማያያዝ ይቻላል፤ ከ200 ዩዋን በላይ በሚከፈል ሂሳብ ላይ 3 በመቶ ይጨመራል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ሰውን ያስቸግራል። አንደኛው፣ ባንኩ የሚልከው የማረጋገጫ ቁጥር ወደ ኢትዮጵያ ስልክዎ ስለሚመጣ፣ ሮሚንግ ሳያስከፍቱ ከሄዱ ካርዱ አይያያዝም። ስለዚህ አዲስ አበባ እያሉ ያያይዙት። ሁለተኛው፣ በውጭ ካርድ የሚከፈለው በስልክ ለሚነበብ የነጋዴ ኮድ (QR) እንጂ ለግለሰብ አካውንት አይደለም። ሻጩ የግሉን ኮድ ካሳየዎት ክፍያው ይከለከላል፤ ለዚህ ጥቂት መቶ ዩዋን በጥሬው ይያዙ።

ቴሌግራም፣ ዋትሳፕና ጉግል በቻይና ሲም ካርድ አይከፈቱም። በውጭ አገር ሮሚንግ ወይም ከውጭ በተገዛ ኢ-ሲም ግን ብዙውን ጊዜ ይሠራሉ። ዊቻትን ከመነሳትዎ በፊት ያውርዱ፤ ምዝገባው ነባር ተጠቃሚ የሆነ ሰው ማረጋገጫ ሊጠይቅ ይችላል።

«ገበያውን በሁለት ቀን አዳርሳለሁ»

የዪዉ ዓለም አቀፍ የንግድ ከተማ 75,000 ያህል ሱቆች አሉት። በየሱቁ 3 ደቂቃ ብቻ ቢቆሙ፣ በቀን 8 ሰዓት እየዞሩ ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጅብዎታል። የሚያዋጣው ዲስትሪክቱን፣ ማለትም የገበያውን ክፍል፣ መርጦ መግባት ነው። አንደኛው የመጫወቻ፣ የአርቲፊሻል አበባና የጌጣጌጥ ነው። ሁለተኛው የቦርሳ፣ የጃንጥላ፣ የቁልፍና የእጅ መሣሪያ፤ ሦስተኛው የጽሕፈት መሣሪያ፣ የስፖርት ዕቃና የኮስሞቲክስ፤ አራተኛው የካልሲ፣ የኮፍያ፣ የፎጣና የቀበቶ፤ አምስተኛው ደግሞ የአንሶላና ብርድ ልብስ፣ የመኪና ዕቃና ከውጭ የገባ ሸቀጥ ነው። የተሰፋ ልብስ የሚፈልግ ሰው ወደ ኋንግዩዋን ገበያ ይሂድ። ሻጮች ከቀኑ 11 ሰዓት ጀምሮ መዝጋት ስለሚጀምሩ ዋናውን ሥራ ለጠዋት ያድርጉት።

በእያንዳንዱ ሱቅ የሚመዘገበው ዋጋ ብቻ አይደለም። የሱቁ ቁጥር፣ የዕቃው ኮድ፣ በካርቶን ስንት ፍሬ እንደሚገባ፣ የካርቶኑ መጠንና ክብደት፣ ዕቃው ተሠርቶ የሚያልቅበት ቀን፤ ይህ ሁሉ ከፎቶው ጋር ይቀመጥ። 60 በ50 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካርቶን 0.12 ኪዩቢክ ሜትር ይይዛል። ቁመቱ ከፍ ያለው ባለ 40 ጫማ ኮንቴነር (ሃይ ኪዩብ) በተግባር 68 ኪዩቢክ ሜትር ያህል ስለሚጭን፣ 560 ያህል ካርቶን ይሆናል ማለት ነው። ርካሽ ነገር ግን ቦታ የሚበላ ዕቃ መርካቶ ሲደርስ ውድ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሂሳቡ ሱቁ በር ላይ መሠራት አለበት።

«የመጀመሪያውን ዋጋ በግማሽ ማስቀነስ ነው»

ይህ ምክር ከሁሉም በላይ ያከስራል። በጅምላ የሚሸጥ ሱቅ ትርፉ ስስ ነው፤ ሲጫኑት አብዛኛውን ጊዜ የሚቀንሰው ከዕቃው ላይ ነው። ፕላስቲኩ ይሳሳል፣ የፎጣው ግራም ይወርዳል፣ ዚፑ ይቀየራል። ሻጩ አላታለለም፤ በተከፈለው ዋጋ ልክ ሠርቷል። ከዋጋው ይልቅ ግራሙን፣ ውፍረቱንና የማሸጊያውን ዓይነት በትዕዛዝ ወረቀቱ ላይ ያስጽፉ። ሁለቱም ወገን የፈረሙበት ናሙና በእጅዎ ይቅር። የተለመደው ቀብድ 30 በመቶ ነው፤ ቀሪው የሚከፈለው ዕቃው መጋዘን ገብቶ፣ ካርቶኖች በዘፈቀደ ተከፍተው ከናሙናው ጋር ከተመሳከሩ በኋላ ይሁን።

ሱቁ ራሱ ሰነድ ያወጣልኛል ብሎ ማሰብም ስህተት ነው። ብዙ ሱቆች በራሳቸው ስም ወደ ውጭ አይልኩም፤ ሰነዱን የሚያዘጋጀው እዚያ ጉዳይዎን የሚያስፈጽምልዎ ኤጀንት ወይም ላኪ ኩባንያው ነው። ባንክዎ የሚያየው ፕሮፎርማ ኢንቮይስ (ከሽያጩ በፊት የሚሰጥ የዋጋ ሰነድ) ላይ ያለው ስም ገንዘቡ ከሚገባበት አካውንት ስም ጋር መግጠም ስላለበት፣ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ከባንክዎና ዕቃዎን ከጉምሩክ ከሚያስወጣልዎ ትራንዚተር ጋር ይነጋገሩ።

«መቼም ቢሄዱ ያው ነው»

የቻይና አዲስ ዓመት በ2027 እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 6 ይውላል። በዚህ በዓል ገበያው ለሁለት ሳምንት ያህል ይዘጋል፤ የፋብሪካ ሠራተኞች ደግሞ ቀድመው ወጥተው ዘግይተው ይመለሳሉ። ከበዓሉ በፊት ባለው ወር የተሰጠ ትዕዛዝ ብዙ ጊዜ ከበዓሉ በኋላ ነው የሚደርሰው። ከኦክቶበር 1 ጀምሮ ባለው የብሔራዊ በዓል ሳምንት ባቡር ይሞላል፤ ከኦክቶበር 21 ገደማ ጀምሮ የዪዉ አውደ ርዕይ ስለሚካሄድ ሆቴል አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። ጁላይና ኦገስት ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ያልፋል፤ ጃንዋሪ ቅዝቃዜው እርጥበት ያለው ነው።

ሆቴል የያዘ ሰው ፖሊስ ጋ የሚደረገውን ምዝገባ ሆቴሉ ይጨርስለታል። ወዳጅ ቤት የሚያድር ግን በ24 ሰዓት ውስጥ ራሱ ፖሊስ ጣቢያ መሄድ አለበት፤ ካልሄደ እስከ 2,000 ዩዋን ሊቀጣ ይችላል።

ጾመኛ ከሆኑ «አትክልት» ማለት ብቻ አይበቃም። የአትክልት ጥብስ በአሳማ ስብ ሊሠራ፣ እንቁላልም ሊገባበት ይችላል። «ሥጋ፣ የአሳማ ስብ፣ እንቁላል፣ ወተት የለበትም» የሚል ጽሑፍ በቻይንኛ አስጽፈው ስልክዎ ላይ ያስቀምጡ። ሙስሊም ተጓዦች ከተማዋ ውስጥ ትልቅ መስጊድና ብዙ ሐላል ምግብ ቤት ስለሚያገኙ በዚህ አይቸገሩም።