አካታች የትምህርት ንድፍ ምንድን ነው? መምህራንስ እንዴት ይማሩታል?

አንድ የሳይንስ ክፍለ ጊዜ እናስብ። ርዕሱ ዝናብ እንዴት እንደሚፈጠር ነው። መምህሯ ማስታወሻውን ሰሌዳ ላይ ትጽፋለች፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ ከዚያ ታብራራለች። ሊደወል ሲል «የውሃ ዑደትን በአንድ አንቀጽ ጻፉ» ትላቸዋለች።

ከኋላ የተቀመጠው ልጅ ሰሌዳው በደንብ አይታየውም። ስለዚህ የጎረቤቱን ደብተር እያየ ይገለብጣል። አንዷ ልጅ የማስተማሪያውን ቋንቋ ገና እየለመደች ነው። «ትነት» ምን ማለት እንደሆነ ስታስብ ማብራሪያው አልፏታል። ሌላው ነገሩ ጥርት ብሎ ገብቶታል፤ ጠይቁት፣ ከባሕር እስከ ደመና ይተርክላችኋል። መጻፍ ግን ይከብደዋል። ሁለት መስመር ጽፎ ያቆማል። መስኮቱ አጠገብ ያለችው ደግሞ ይህን ሁሉ ከአምና ጀምሮ ስለምታውቀው ቀልቧ ውጭ ነው። መምህሯ ደብተሮቹን ሰብስባ ስታያቸው «ግማሾቹ አልገባቸውም» ብላ ታዝናለች።

ደብተሮቹ ግን እውነቱን አልነገሯትም። አንዱ ልጅ ያጣው የማየት ዕድል ነው፣ አንዷ አንድ ቃል፣ አንዱ መናገሪያ መንገድ። አካታች የትምህርት ንድፍ የሚባለው እነዚህን እንቅፋቶች ክፍል ከመግባት በፊት፣ ዕቅዱ ገና ሲጻፍ ፈልጎ ማንሳት ነው። ልጆች እንደሚለያዩ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ስለዚህ ትምህርቱ ከመነሻው ለተለያዩ ልጆች ይሰናዳል።

ሐሳቡ መጀመሪያ የመጣው ከሕንፃ ሥራ ነው። አሜሪካዊው አርክቴክት ሮናልድ ሜስ በልጅነቱ ፖሊዮ ይዞት በተሽከርካሪ ወንበር ይንቀሳቀስ ነበር። «ሁለንተናዊ ንድፍ» የሚለው አጠራር ከእሱ ጋር የተያያዘ ነው። ሕንፃው ካለቀ በኋላ መወጣጫ መቀጠል ወጪው ብዙ ነው፣ አሠራሩም ጥገና ጥገና ይላል። ከመነሻው የታሰበበት መግቢያ ግን ለባለ ተሽከርካሪ ወንበሩም፣ ጋሪ ለምትገፋ እናትም፣ ሻንጣ ለሚጎትት መንገደኛም ይሆናል። መስማት ለተሳናቸው ተብሎ የተዘጋጀውን የቪዲዮ ግርጌ ጽሑፍ ዛሬ ስንቱ ሰው ጫጫታ ውስጥ ሆኖ ያነበዋል!

ይህን አስተሳሰብ ወደ ትምህርት ያመጣው በ1984 አሜሪካ ውስጥ የተቋቋመው ካስት የተባለ ድርጅት ነው። ከመሥራቾቹ መካከል አን ማየርና ዴቪድ ሮዝ ይገኙበታል። ሲጀምሩ ሥራቸው ለእያንዳንዱ አካል ጉዳተኛ ልጅ ኮምፒውተር ማስተካከል ነበር። እያደር ግን ልጁን ከመጽሐፉ ጋር ለማስማማት ከመታገል መጽሐፉንና ትምህርቱን ማስተካከል እንደሚሻል አመኑ። በ2008 መምህራን የሚጠቀሙበት መመሪያ አወጡ፤ ሦስተኛው እትም በ2024 ወጥቷል። መመሪያው ብዙ ነጥብ ቢኖረውም የሚዞረው በሦስት ነገሮች ዙሪያ ነው። ልጁ ለመማር ምን ያነሳሳዋል? ትምህርቱ በምን በምን መንገድ ይደርሰዋል? ያወቀውንስ በምን ያሳያል?

እኔ መምህር ባሠለጥን ከሦስቱ በፊት የማስቀድመው ሌላ ጥያቄ አለ። ዛሬ የምፈልገው ልጁ ምን እንዲያውቅ ነው? ቀላል ይመስላል፤ አብዛኛው ዕቅድ የሚበላሸው ግን እዚህ ላይ ነው። «የውሃ ዑደትን በአንድ አንቀጽ ጻፉ» የሚለው ትእዛዝ ውስጥ ሁለት ነገር ተደብቋል፦ ዑደቱን መረዳትና አንቀጽ መጻፍ። የሳይንስ መምህሯ የምትፈልገው የመጀመሪያውን ነው። እንግዲያው ልጁ ሥዕል ስሎ፣ ቀስት እያደረገ በቃሉ ቢያስረዳት ግቧን መታች ማለት ነው። በቋንቋ ክፍለ ጊዜ ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። እዚያ ግቡ ራሱ መጻፍ ስለሆነ «እሺ፣ አንተ ሥዕል ሣል» ማለት ልጁን መርዳት አይደለም፤ መተው ነው። እዚያ የሚያስፈልገው ድጋፍ ነው፦ የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ማስጀመር፣ ቃላቱን ሰሌዳ ላይ ማኖር፣ ከመጻፉ በፊት ለጓደኛው በቃሉ እንዲናገረው ማድረግ። አንዱ ልጅ፣ አንዱ ችግር፣ ሁለት የተለያየ መልስ። ግቡን ከመንገዱ መለየት የቻለ መምህር የቀረውን ብዙውን ነገር ራሱ ይደርስበታል።

እዚህ ላይ መምህራን አንድ ስጋት ያነሳሉ፤ ስጋታቸውም ተገቢ ነው። «ለስድሳ ልጅ ስድሳ ዕቅድ ልጻፍ ነው?» አይደለም። ዕቅዱ አንድ ነው፣ በሮቹ ናቸው የሚበዙት። ሰሌዳ ላይ የሚጽፉትን ጮክ ብሎ ማንበብ ምንም ወጪ የለውም። አዲስ ቃል ማብራሪያው ከመጀመሩ በፊት ማስተዋወቅም እንዲሁ። ጥያቄ ጠይቆ ትንሽ መታገስም አለ። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች ተመራማሪ በ1970ዎቹ ባሳተመችው ጥናት መሠረት መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ነበር። ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያራዝሙት የልጆቹ መልስ ረዘመ፣ ዝም የሚሉትም መናገር ጀመሩ። ሁለት ሰከንድ ትዕግሥት!

ከዚህ ጋር የሚምታታ ነገርም አለ። ልጆችን «ይኼ በማየት የሚማር፣ ያቺ በመስማት የምትማር» እያሉ መከፋፈል ነው። በብዙ ሥልጠና ላይ እስካሁን ይሰጣል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሃሮልድ ፓሽለርና ባልደረቦቹ በ2008 ጥናቶቹን ሲመረምሩ እንዲህ ከፋፍሎ ማስተማርን የሚደግፍ በቂ ማስረጃ አላገኙም። አካታች ንድፍ ልጅ ላይ ስም አይለጥፍም። አማራጩን ለሁሉም ክፍት አድርጎ ያስቀምጣል።

ለግል ድጋፍም ምትክ አይሆንም። ዓይነ ስውር ልጅ ብሬይል፣ መስማት የተሳነው ልጅ የምልክት ቋንቋ ያስፈልገዋል። በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 2 ላይ ሁለንተናዊ ንድፍን ሲተረጉም፣ ረዳት መሣሪያ በሚያስፈልግበት ቦታ መሣሪያውን እንደማያስቀር አብሮ አስፍሯል። ስለ ትምህርት በሚናገረው አንቀጽ 24 ደግሞ መንግሥታት በየትምህርት ደረጃው የሚሠሩ ባለሙያዎችን እንዲያሠለጥኑ ያስገድዳል። ስለዚህ ሥልጠናው ለመምህሩ እንደ ውለታ የሚታይ አይደለም።

ታዲያ እንዴት ይሠልጥኑ? ሦስት ሰዓት ሙሉ በደቃቅ ፊደል የተሞላ ስላይድ እያነበቡ ስለ አካታችነት ማስተማር አይቻልም። ሠልጣኙ መምህርም እኮ ተማሪ ነው። ከኋላ የተቀመጠው አይታየውም፣ ሌላው ለሃያ ዓመት ስላስተማረ ጉዳዩን ያውቀዋል፣ አንዷ ሰው ፊት መናገር ትፈራለች። አሠልጣኙ ለእነሱ ያደረገውን እነሱ ለልጆቹ ያደርጋሉ።

ሁለተኛው ነገር ሠልጣኙ የራሱን ዕቅድ ይዞ መምጣቱ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት በእርግጥ የሚያስተምረውን ዕቅድ። ከሌላ መምህር ጋር ተቀምጦ መስመር በመስመር ያየዋል፤ እዚህ ጋ ማን ይወድቃል? ለምን? ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ይቀይራል። ሁሉንም ልቀይር ያለ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ደክሞት ይተወዋል።

ከዚያ ክፍል ውስጥ መሞከር ይመጣል። ለዚህ ጃፓኖች የቆየ ልምድ አላቸው። መምህራን አንድን ትምህርት አብረው ያቅዳሉ፣ አንዱ ያስተምራል፣ ሌሎቹ ክፍሉ ውስጥ ተገኝተው ይመለከታሉ። የሚመለከቱት በተለይ ልጆቹን ነው። ማን እርሳሱን አስቀመጠ? ማን ከጓደኛው ገለበጠ? በየትኛው ደቂቃ ላይ ጠፋ? ሲወያዩ ወሬው ስለ ትምህርቱ ስለሚሆን መምህሩ አይሸማቀቅም። ይህን ዓይነት ጓደኛ ያላገኘ ሠልጣኝ ሰርተፊኬቱን ይዞ ወደ ድሮው አሠራሩ ቢመለስ አይፈረድበትም።

የሳይንስ መምህሯ እንዲህ ያለ ሥልጠና አግኝታ የዝናቡን ትምህርት ድጋሚ አቀደችው እንበል። የቀየረችው የመጨረሻውን መስመር ብቻ ነው፦ «ዝናብ እንዴት እንደሚፈጠር በጽሑፍ፣ በሥዕል ወይም በቃል አስረዱ። ቅደም ተከተሉንና ምክንያቱን ግን ማንም መዝለል አይችልም።» ሁለት መስመር ጽፎ ያቆም የነበረው ልጅ በዚያ ቀን ባሕር ሣለ፣ ፀሐይ ሣለ፣ ከባሕሩ ወደ ላይ ቀስት አወጣ። መምህሯ አጠገቡ ቁጭ ስትል ጣቱን ቀስቱ ላይ አድርጎ «ውሃው እዚህ ጋ አይታይም፤ አለ ግን» አላት።