ጨዋታን ጨዋታ ያነሳዋል፦ ትርጉሙና አመጣጡ

ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ክረምት ሲገባ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደጅ ላይ ይቆማል። እንዲህ ባለ ቀን ሰው ቤቱ ይከተታል። ቡናም የሚጥመው ያኔ ነው።

አክስቴ ቤት ቡናው ሲቆላ አንድ ልጅ በየበሩ ይላካል። «ቡና ጠጡ ተብላችኋል!» ብሎ ይሮጣል። የዚያን ቀን ከመጡት ጎረቤቶች መካከል አረብ ሀገር ብዙ ዓመት ሠርታ በቅርቡ የተመለሰች ልጅ ነበረች። በሩ አጠገብ ያለችው ዱካ ላይ ቁጭ አለች። እሷን ሰው ሁሉ ናፍቋት ስለነበር ጥያቄው ዘነበባት።

«ኑሮው እንዴት ነበር?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ሰዎቹስ ደጎች ናቸው?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ሥራው አይከብድም?»

«ያው ሥራ ነው፤ አልሐምዱሊላህ።»

ከዚያ ጭጭ። የሚሰማው የጀበናው መንተክተክና ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ብቻ ነው። ልጅቷ አላኮረፈችም። ወሬው ግን አልወጣ አላት።

አክስቴ አቦሉን እየቀዳች፣ ለማንም ሳይሆን እንዲሁ ማውራት ጀመረች። ልጅ ሆና እናቷ ባቲ ገበያ ይዛት ሄዳ ነበር። ባቲ ገበያው ሰኞ ሰኞ ነው። አፋሩ ከቆላ ግመሉን እየነዳ፣ ኦሮሞውና አማራው ከየቀዬው ተነስቶ የሚገናኝበት ትልቅ ገበያ ነው። አክስቴ የእናቷን ቀሚስ ጨብጣ ትከተላለች። ሕዝቡ ይገፋታል፣ ፍየሉ ይገፋታል፣ እሷ የጨበጠችውን አትለቅም። ግመሎቹ ጋ ሲደርሱ ቀና ብላ ብታይ የያዘችው የእናቷን ቀሚስ አይደለም። አንዲት የማታውቃት የአፋር ሴት ቁልቁል እያየቻት ትስቃለች። «ለካ ግማሹን ገበያ የዞርኩት በሰው እናት ነው!» አለች አክስቴ።

በሩ አጠገብ ያለችው ልጅ ሳቋን ለቀቀችው። «ወላሂ እኔም ጅዳ የገባሁ ቀን እንዲሁ ሆኛለሁ!» አለች። አብረዋት ከአውሮፕላን የወረዱት ሴቶች ጥቁር አባያ ለብሰዋል። አንዷን «ይቺ አትጥፋብኝ» ብላ ዓይኗን ተክላ ስትከተል፣ ስትከተል፣ ሴትዮዋ ዞር ስትል ፊቷ ሌላ ነው። ሴትዮዋ ደንግጣ በአረብኛ ጠየቀቻት። እሷ የምታውቀው ሰላምታውን ብቻ ነው። ስለዚህ ደጋግማ «አሰላሙ አለይኩም» አለቻት። ሦስት ጊዜ። ሴትዮዋም ሦስቱንም ጊዜ መለሰችላት።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አክስቴ ጀበናውን ለቶና እየጣደች «አዬ፣ ጨዋታን ጨዋታ ያነሳዋል» አለች። ከዚያ በኋላ እስከ በረካ ድረስ ልጅቷን ያስቆማት የለም። ሥራው መክበዱንም፣ ሌሊት ማልቀሷንም፣ ጓደኛ ማግኘቷንም ያን ቀን ነው የሰማነው።

እኔ ይህን አባባል ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ። የገባኝ ግን ያን ቀን ነው።

ትርጉሙ ከባድ አይደለም። አንዱ የጀመረው ወግ ሌላው ውስጥ ተኝቶ የነበረውን ወግ ይቀሰቅሰዋል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የምንሰማው በወሬ መሀል ነው። «ጨዋታን ጨዋታ ያነሳዋል፣ እኔም አንድ ጊዜ…» ይላል ሰውዬው። እንዲህ ሲል «የአንተን ሰምቻለሁ፣ አሁን ደግሞ ተራ ስጠኝ» ማለቱ ነው። የሰው አፍ ነጥቆ ከመግባት ይልቅ እንዲህ አንኳኩቶ መግባት ደስ ይላል።

«ጨዋታ» የሚለውን ቃል ራሱን እንየው። ኳስ ጨዋታ ነው። ገበጣም ጨዋታ ነው። ቁጭ ብሎ ማውራትም ጨዋታ ነው። እንግዳ ዝም ሲል ባለቤቷ «ምነው፣ ተጫወቱ እንጂ!» ትላለች። ተነስታችሁ ዝለሉ ማለቷ አይደለም። አውሩ፣ ሳቁ፣ ዘና በሉ ማለቷ ነው። ወግና ጨዋታ አንድ ስም መጋራታቸው በጣም ደስ ይለኛል። ጨዋታ ካለ ተራ አለና። ኳሱን ለብቻው ይዞ የሚዞር ልጅ እየተጫወተ አይደለም። ጥያቄ እየደረደረ ከራሱ አንዲት ነገር የማይሰጥ ሰውም እንዲሁ።

እንቆቅልሽን አስታውሱ። «እንቆቅልሽ!» ሲባል ተጠያቂው «ምን አውቅልሽ!» ብሎ ካልተቀበለ ጥያቄው አይመጣም። መጀመሪያ ፈቃድ ይጠየቃል። መልሱ ሲጠፋ ደግሞ ጠያቂው «ሀገር ስጠኝ» ይላል። ሀገር ይሰጠዋል፤ እሱም የተሰጠው ሀገር ገብቶ እንደ ልቡ ከተንደላቀቀ በኋላ መልሱን ይናገራል። እኛ ልጆች ሆነን ደሴን ለማንም አንሰጥም ነበር። ሁሌም የሩቅ ሀገር ነው የምንሰጠው።

«ያነሳዋል» የሚለው ደግሞ ይብሳል። ማንሳት ስንት ሥራ እንዳለው ተመልከቱ። ሸክም ይነሳል። የወደቀ ሰው ይነሳል። ክርስትና ይነሳል። ፎቶ ይነሳል። የሞተ ሰው ስም በደህና ይነሳል። ጨዋታም ይነሳል። ትዝታ ወድቆ የቀረ ዕቃ ሳይሆን ተኝቶ የሚጠብቅ ሰው ነው የሚመስለኝ፤ አንድ ሌላ ትዝታ መጥቶ እጁን እስኪዘረጋለት ይጠብቃል።

የቃላቱም አቀማመጥ ቆም ያደርጋል። ተነሺው ቀድሟል፣ አንሺው ተከትሏል። ደግሞ «ጥያቄ ጨዋታን ያነሳዋል» አይልም። ጨዋታ ነው ጨዋታን የሚያነሳው። ያን ቀን አክስቴ ቤት ሦስት ጥያቄ ተጠይቆ ያልተነሳው፣ አንድ የባቲ ገበያ ወግ ሲነገር ብድግ አለ። አባባሉ ይህን አስቀድሞ ያውቅ ነበር።

መንታ እህት አለችው፤ «ነገርን ነገር ያነሳዋል» የምትለዋ። በመልክ አንድ ናቸው፣ በጠባይ ግን ይለያያሉ። «ነገር» ሲባል ጉዳይም ነው፣ ጠብም ነው። ያደረ ቂም፣ የቆየ ብድር፣ የድንበር ክርክር በሌላ ነገር ሰበብ ሲመጣ እሷ ትጠራለች። ሰው «ጨዋታን ጨዋታ» ካለ ሊያጫውተን ነው። «ነገርን ነገር» ካለ ግን ወንበራችንን ጠጋ አድርገን በጥንቃቄ መስማት ነው።

አመጣጡስ? አንዳንድ አባባል ከኋላው አንድ ታሪክ ይነገርለታል፤ ንጉሡ እንዲህ ሲሉ ባላገሩ እንዲህ መለሰ ይባላል። ለዚህኛው ግን እንዲህ ያለ ታሪክ ሲነገር አልሰማሁም፤ ከአቀማመጣችን የተወለደ ይመስለኛል። ሰዎች ክብ ሠርተው ሲቀመጡ፣ የሚያስቸኩል ነገር ሳይኖር፣ ወሬው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዞር የሚሆነውን አይቶ ስም ያወጣለት ሰው የተናገረው ይመስላል። ያን ለማየት ደግሞ ከአንድ ቡና በላይ አያስፈልግም። ቡና ሦስት ጊዜ ነው የሚቀዳው። በአቦል ሰላምታ ያልቃል። በቶና ወሬው ይሞቃል። በረካ፣ በረከቱ፣ ሲደርስ ሰው የልቡን ይናገራል። አቦሉን ብቻ ጠጥቶ የሚሄድ እንግዳ ዋናው ጨዋታ አምልጦታል።

ወሎ ላይ ይህ አባባል ሀገሩን ያገኘ ይመስላል። አንድ ቡና ላይ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎን ለጎን ይቀመጣል። ሽማግሌ ካለ ዱዓ ይደረጋል፣ ሁሉም «አሚን» ይላል፣ ከዚያ ጨዋታ ይቀጥላል። ዘፈኑም ቢሆን ይመሰክራል። ከታወቁት አራት ቅኝቶቻችን፣ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ፣ ሁለቱ የወሎ ቦታ ስም የያዙ ናቸው። ትዝታ ደግሞ ስሙ ራሱ የምናወራውን ነገር ይዟል።

አክስቴ ጨዋታ ማንሻ የሚሆኑ ጥያቄዎች አሏት። ሁሉም ትንንሽ ናቸው። «ሕይወት እንዴት ናት?» ብላ ጠይቃ አታውቅም። «መጀመሪያ ከተማ የገባችሁ ቀን ዓይናችሁ ምን ላይ አረፈ?» ትላለች። «ልጅ ሆናችሁ ሰብራችሁ የደበቃችሁት ዕቃ ምንድን ነው?» ይህኛው አደገኛ ነው፤ አንዴ የሰማንያ ዓመት አዛውንት ስለ ሰበሩት ጀበና ሲናዘዙ ሰምቻለሁ። «አረብ ሀገር በስንተኛው ቀን ነው እንጀራ ያማረሽ?» ብላ ያቺን ልጅ ደግማ አጫውታታለች።

አስተያየት የሚጠይቁም አሏት። «ለመኖር ደሴ ወይስ ኮምቦልቻ?» ካለች ማንም ዝም አይልም። የደሴው ሰው ብርዱን ያሞግሳል። የኮምቦልቻው ሰው የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርዶ ሙቀት ያገኘ ዕለት እንዴት ጃኬቱን እንዳወለቀ ይነግርሃል። ከዚያ ክርክሩ ሳይታወቅ ትዝታ ይሆናል፤ ያ አውቶቡስ፣ ያ ሹፌር፣ ያቺ መንገድ ላይ ያስመለሳት ልጅ። «ከባቲና ከአምባሰል የትኛው አንጀት ይበላል?» ካለች ደግሞ አንዱ ማንጎራጎር መጀመሩ አይቀርም።

ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስሙ አይጠየፍ ነው። ማንንም የማይጠየፍ፣ ሁሉን የሚያስተናግድ ማለት ነው። ጥሩ የጨዋታ ማንሻ ጥያቄም እንዲያ ነው መሆን ያለበት። ሕፃኑም አዛውንቱም፣ የተማረውም ያልተማረውም መልስ ይኑረው። ዕውቀት የሚፈትን ጥያቄ ግማሹን ሰው ደጅ ያስቀራል።

አንድ ነገር ግን በጣም ልጠነቀቅለት እፈልጋለሁ። አባባሉ «ያነሳዋል» ይላል እንጂ የትኛውን እንደሚያነሳ አይመርጥም። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ወሎን የመታውን ረሀብ በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ዛሬም ቡና ላይ አብረውን ይቀመጣሉ። የ2014ቱን ጦርነትማ ልጆችም ያስታውሱታል። አንድ ጊዜ አንድ አባት እኔ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ለማጫወት ብዬ «አባባ፣ ልጅ ሆነው በጣም የሚወዱት ምግብ ምን ነበር?» አልኳቸው። ስኒውን በሁለት እጃቸው ያዙት። «የተገኘውን ነዋ ልጄ» አሉኝ። ከዚያ ስኒውን ብቻ ያያሉ።

ጥያቄዬን ወደ አፌ ለመመለስ ብችል በወደድኩ። አክስቴ ምንም አላለችም። ስኒያቸውን ተቀብላ ሞላችላቸው። ቆሎውን ወደሳቸው ገፋ አደረገችው። ከዚያ ስለ አባቷ በቅሎ ማውራት ጀመረች፤ ወንዝ ዳር ሲደርስ ሙሽራ አውርዶ ካልሆነ አልሻገርም ስላለ በቅሎ። ጥቂት ቆይተው እሳቸው ቀና አሉ። «በቅሎስ የእኔ ነበረች» አሉ። ስለዚያች በቅሎ እስኪመሽ አወሩ። ስለ ረሀቡም በመጨረሻ አንድ ሁለት ቃል ተናገሩ። በራሳቸው ጊዜ፣ እሳቸው በፈለጉት በኩል። ማንም አልጠየቃቸውም።

ባለፈው ደሴ ስሄድ ጀበናውን የያዘችው ያቺ ከአረብ ሀገር የተመለሰችው ልጅ ነበረች። በሩ አጠገብ ያለችው ዱካ ላይ ደግሞ ለሰፈሩ እንግዳ የሆነች አዲስ ሙሽራ ተቀምጣለች። ከሩቅ ነው የመጣችው። በነጠላዋ አፏን ሸፍናለች። ጎረቤቶች እንደ ልማዳችን ጀመሯት።

«ሀገርሽ ይርቃል?»

«አዎ።»

«እናት አባት አሉ?»

«አሉ፣ ይመስገነው።»

«ደሴን ወደድሻት?»

«ደህና ናት።»

ልጅቷ አቦሉን ቀድታ ጨረሰችና ጀበናውን ማቶቱ ላይ አስቀመጠች። «ቆይ፣ እኔ ላጫውታችሁ» አለች። «ጅዳ የገባሁ ቀን የማላውቃትን ሴትዮ ተከትዬ ስሄድ፣ ስሄድ…»

ሙሽራዋ ነጠላዋን ከአፏ ላይ አነሳች።