ብራይን ምንድን ነው?

በረዶ ሊጥል ነው በተባለ ቀን፣ ሰማዩ ገና ሳይከፋ፣ እዚህ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ግዛት፣ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ከተሞች አውራ ጎዳናዎች ላይ ታንከር የተሸከመ ብርቱካንማ ትራክ ሲያልፍ ታያላችሁ። ከኋላው በአግድም ከተዘረጋ ቱቦ ፈሳሽ በቀጫጭኑ ይወርዳል። ሲደርቅ አስፋልቱ ላይ እንደ ደብተር ገጽ የተሰመሩ ነጫጭ መስመሮች ይቀራሉ። አገሩን ያልለመደ ሰው ቀለም ይመስለዋል። ጨው ነው። ፈሳሹ ብራይን ይባላል፤ ከመቶው እጅ 23ቱ ጨው የሆነ ውሃ ነው።

ጥቅሙን ለመረዳት ምጣድ አስቡ። ባልታሰሰ ምጣድ ላይ የተጋገረ እንጀራ ተጣብቆ ይቀራል፤ ቢፍቁት ይበጣጠሳል እንጂ አይነሳም። በረዶም እንደዚያው ነው። መጀመሪያ የወረደው ስስ በረዶ በጎማ ተረግጦ አስፋልቱን ከያዘ፣ በኋላ የሚመጣው ጠራጊ መኪና፣ እኛ ፕላው የምንለው፣ ላዩን ገፎ ያልፋል፤ ሥሩ እንደ መስታወት ሆኖ ይቀራል። መኪና የሚያንሸራትተው ይኸው ሥሩ ነው። ብራይን ቀድሞ ከተረጨ ግን በበረዶውና በአስፋልቱ መካከል የማይረጋ ስስ እርጥበት ስለሚኖር ፕላው ሙልጭ አድርጎ ያነሳዋል። ዋናውን ሥራ የሚሠራው ፕላው ነው፤ ጨው ማሰሻው ነው።

ብዙ ሰው ጨው በረዶን የሚያሞቀው ይመስለዋል። ጨው የሚያደርገው ውሃ የሚረጋበትን ዲግሪ ዝቅ ማድረግ ነው። ንጹሕ ውሃ በ32 ፋራናይት ይረጋል፤ 23 በመቶ ጨው ያለበት ከዜሮ በታች 6 ፋራናይት ገደማ እስኪደርስ ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። ከዚያ በላይ ጨው ቢጨመር ብርድ የመቋቋም አቅሙ መልሶ ይቀንሳል፤ 23 የተመረጠው ለዚህ ነው።

ይህ በርሜል ውስጥ ነው። መንገድ ላይ የሚወርደው በረዶ ብራይኑን እያቀጠነው ይሄዳል። የአስፋልቱ ሙቀት ከ15 ፋራናይት ሲወርድ ተራ ጨው በረዶ የማቅለጥ ኃይሉ በጣም ይዳከማል። ያኔ ማግኒዥየም ክሎራይድ ወይም ካልሲየም ክሎራይድ ይቀላቀልበታል፤ አለበለዚያም ጎማ እንዲይዝ አሸዋ ይበተናል። ልብ በሉ፣ የምለው የአስፋልቱን ሙቀት ነው፤ ስልካችሁ የሚያሳያችሁ የአየሩን ነው። ድልድይ ደግሞ ከሥሩም ነፋስ ስለሚመታው ከሌላው መንገድ ቀድሞ ይቀዘቅዛል። በጃንዋሪ ብርድ ነጩን መስመር አምናችሁ ድልድይ ላይ እንዳትፈጥኑ፣ አደራ።

ከበረዶው በፊት ዝናብ ከተተነበየ ብራይን አይረጭም፤ ታጥቦ ይሄዳል።

አሜሪካ ውስጥ መንገድ ላይ ጨው መጠቀምን በ1938 እ.ኤ.አ. በሙከራ የጀመረችው ኒው ሃምፕሻየር ናት። ልማዱ ለረጅም ዘመን ደረቁን መበተን ነበር። ደረቅ ጨው ግን አስፋልት ሲነካ እየነጠረ ዳር ይወጣል፤ መኪናም ሲያልፍ ያባርረዋል። ብራይን የወደቀበት ስለሚቆይ ያንኑ ሥራ በትንሽ ጨው ይሠራል። ይህ ቁጠባ ለገንዘብ ብቻ አይደለም። የሚኒሶታ የብክለት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት እንደሚለው 1 የሻይ ማንኪያ ጨው 5 ጋሎን ውሃ ለመበከል ይበቃል። ሐይቅ የገባ ጨው አይተንም፣ አይበሰብስም፤ ዓመት በዓመት ይከማቻል። ልጆቻችን በበጋ የሚዋኙት እዚያው ሐይቅ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ደጃፋችሁንም መጀመሪያ በአካፋ ጥረጉ፣ ከዚያ ጥቂት ጨው ነስንሱ። ባልተጠረገ በረዶ ላይ የተደፋ ጨው የባከነ ጨው ነው።

የብራይን ክፉ ጎኑ ፈሳሽ ስለሆነ ብረት መጋጠሚያ ውስጥ ሁሉ መግባቱ ነው። ባለፈው ስፕሪንግ መካኒኩ መኪናዬን ወደ ላይ አንስቶ የፍሬን ቱቦውን በጣቱ ሲነካው ዝገቱ እንደ ቅርፊት ተላጠ፤ ከሥሩ እርጥብ ነበር። የፍሬን ዘይት ነው። ከዚያ ወዲህ ብርዱ ጋብ ባለ ቁጥር መኪናዬን ከሥሯ አሳጥባለሁ።