ፐርሰፎኒ፦ የሙታን ዓለም ንግሥት

ፐርሰፎኒ በጥንት ግሪኮች እምነት የአማልክት ንጉሥ የዜውስና የእህል እንስት አምላክ የዲሜተር ልጅ ናት። ባሏ የሙታን ዓለም ገዥ ሃዲስ ነው። ብዙ ጊዜ «ኮሬ»፣ ማለትም «ልጃገረዷ» ተብላ ትጠራ ነበር። ሮማውያን ደግሞ ፕሮሰርፒና ይሏታል።

አብዛኛው ሰው የሚያውቃት ተጠልፋ እንደተወሰደች ልጅ ብቻ ነው። ይህ ግን የታሪኳ ግማሽ ነው። በሆሜር «ኦዲሲ» ውስጥ አስፈሪ ንግሥት ናት። ያ ሁሉ መከራ ያልበገረው የታሪኩ ጀግና ኦዲሴውስ እንኳ «የጎርጎንን (የአስፈሪዋን ጭራቅ) ጭንቅላት ትልክብኛለች» ብሎ ፈርቶ ከሙታን ደጅ ወደ መርከቡ ይሮጣል።

የጠለፋው ታሪክ በሰፊው የሚገኘው ለዲሜተር በተገጠመው ጥንታዊ መዝሙር ላይ ነው። 495 ስንኞች ያሉት ሲሆን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው ወይም በ6ኛው ክፍለ ዘመን እንደተገጠመ ይገመታል። መዝሙሩን ያተረፈልን አንድ በእጅ የተጻፈ ቅጂ ነው፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ1777 ሞስኮ ውስጥ ተገኘ። ልጅቷ ከጓደኞቿ ጋር አበባ ስትለቅም መቶ ራስ ያለው ናርሲሰስ የሚባል አበባ ታያለች። ሁለት እጇን ዘርግታ ልትቀጥፈው ስትል ምድር ተሰንጥቃ ሃዲስ በወርቅ ሠረገላው ብቅ ይላል። እናቷ ችቦ ይዛ፣ እህል ሳትቀምስ፣ ዘጠኝ ቀን ፈለገቻት። ጠለፋው በዜውስ ፈቃድ እንደሆነ ስትሰማ ግን ተቆጥታ ዘር እንዳይበቅል አደረገች። ዜውስ ጨነቀው፤ ልጅቷን እንዲያመጣ የአማልክት መልእክተኛ ሄርሜስን ላከ። ሃዲስ ከመልቀቁ በፊት የሮማን ፍሬ አቀመሳት። ከሙታን ዓለም ምግብ የቀመሰ ደግሞ ወደዚያ መመለሱ አይቀርም፤ በዚህም የተነሳ ከዓመቱ ሲሶውን ከባሏ ጋር፣ ሁለቱን እጅ ከእናቷ ጋር እንድትኖር ተወሰነ። ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ ግን ዓመቱን እኩል ያካፍለዋል።

ከምድር በታች የምትሆንበት ወቅት የትኛው ነው? በተለምዶ የአውሮፓው ክረምት፣ ማለትም የብርዱ ወራት ነው ይባላል። አንዳንድ ምሁራን በግሪክ እህል ብርዱ ከመግባቱ በፊት ተዘርቶ በብርዱ ወራት ስለሚለመልም፣ ምድር የምትደርቀው በሐሩሩ ወቅት ነው ብለው ይሞግታሉ። መዝሙሩ ግን ብርዱ አልፎ የፀደይ አበቦች ሲፈኩ እንደምትወጣ በግልጽ ይናገራል። ለእኔ እሱ ያመዝናል።

የእናትና ልጅ ትልቁ በዓል የሚከበረው ከአቴንስ ሰሜን ምዕራብ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ኤሌውሲስ ነበር። ግሪክኛ የሚናገርና እጁ በደም ያልጨቀየ ሁሉ መግባት ይችላል፤ ሴትም ሆነ ባሪያ። ምእመናኑ መጀመሪያ ከአሳማ ግልገሎቻቸው ጋር ባሕር ወርደው ይታጠባሉ። ከዚያ «ቅዱስ መንገድ» በሚባለው ጎዳና በሰልፍ ይጓዛሉ። ኪኬዎን የሚባል መጠጥም ነበራቸው፤ የገብስ ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ የናና ዘመድ ቅጠል የሚገባበት፣ የእኛን በሶ ብጥብጥ የሚመስል። ማታ ቴሌስቴሪዮን በተባለው፣ በየጎኑ 50 ሜትር በሚጠጋ አዳራሽ የሚታየውን ያዩ ሰዎች ምስጢሩን አላወጡም። ሕጉ ቀልድ አያውቅም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ415 ዝነኛው የአቴንስ የጦር መሪ አልኪቢያደስ ሥርዓቱን ቤት ውስጥ አስመስሎ አላግጦበታል ተብሎ፣ በሌለበት ሞት ተፈርዶበት ንብረቱ ተወርሷል። በዓሉ ግን ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከሮማ ነገሥታት እገዳና ጎቶች ከሚባሉት የጀርመን ነገዶች ወረራ በኋላ ቀረ።

በሲሲሊ የኤና ሰዎች ጠለፋው የተፈጸመው በእኛው ፔርጉሳ ሐይቅ አጠገብ ነው ይላሉ።

በኋለኛው ዘመን ሥነ ጥበብ የነገሠው ጠለፋው ነው። የኢጣሊያው ቀራጺ በርኒኒ እ.ኤ.አ. በ1622 የጨረሰው የእብነ በረድ ሐውልት ላይ የሃዲስ ጣቶች ጭኗ ውስጥ ሰምጠው ይታያሉ። ንግሥቲቱን ማየት የፈለገ ግን ወደ ደቡብ ኢጣሊያዋ ሎክሪ ይሂድ። እዚያ በ5ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት የተሠሩ ብዙ የሸክላ ሰሌዳዎች ተቆፍረው ወጥተዋል። በአንዱ ላይ ከባሏ ጎን በዙፋን ተቀምጣ የእህል ዛላና አውራ ዶሮ ይዛለች። ሰሌዳዎቹን ብዙውን ጊዜ ለጋብቻ የደረሱ ልጃገረዶች እንዳቀረቡላት ይታሰባል፤ በሎክሪ ፐርሰፎኒ የትዳር ጠባቂም ነበረችና።