ግድግዳችሁ ላይ የሰቀላችሁት ኤሊ አይደለም

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ፍሬም ቤት አለኝ። ከምሠራቸው ሥዕሎች ሁሉ አብልጬ የምወደው የግሊፕቶዶንን ነው፤ ጀርባው በአጥንት ጥሩር የተሸፈነ፣ ከምድር የጠፋ ትልቅ እንስሳ። አዲስ ቤት የገቡ ሰዎች ለልጆች ክፍል ብለው ይወስዱታል፤ ደስ ይለኛል። ግን ስለ እንስሳው ሲወራ የምሰማው ግማሹ ስህተት ነው፤ ልጅ ደግሞ በየቀኑ እያየ የሚያድገውን ነገር በተነገረው መንገድ ነው የሚይዘው። ስለዚህ እዚሁ ልጻፈው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

“ትልቅ ኤሊ ነው።”

ከሁሉም በላይ የምሰማው ይሄንን ነው። አይደለም። ግሊፕቶዶን አጥቢ እንስሳ ነው፤ ልጁን ጡት አጥብቶ ነው የሚያሳድገው። ዛሬ በሕይወት ያለው የቅርብ ዘመዱ አሜሪካ አህጉር ላይ የሚኖረው፣ ጀርባው በአጥንት ልባስ የተሸፈነው ትንሽ እንስሳ፣ አርማዲሎ ነው። በ2016 ተመራማሪዎች ዶኤዲኩሩስ ከሚባለው የግሊፕቶዶን ወገን ቅሪት ዲኤንኤ አውጥተው ሲያነጻጽሩ፣ እነዚህ ግዙፎች እዚያው አርማዲሎዎቹ የዘር ሐረግ ውስጥ ገብተው ተገኙ።

ልባሱም ቢሆን ከኤሊ ጋር የሚመሳሰለው ከሩቅ ሲያዩት ብቻ ነው። የኤሊ ልባስ በዋናነት የጎድንና የጀርባ አጥንቷ ሰፍቶ፣ ተያይዞ የሠራው ነው። የግሊፕቶዶን ግን ቆዳው ውስጥ የበቀሉ ከ1,000 በላይ ትንንሽ የአጥንት ሰሌዳዎች ተገጣጥመው የሠሩት ነው፤ ውፍረታቸው ወደ 2.5 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ሥዕሉን ጠጋ ብላችሁ እዩት። በየሰሌዳው ላይ አበባ የመሰለ ቅርጽ አለ አይደል? ያ የሠዓሊው ጌጥ አይደለም፣ ቅሪቱ ላይ በእውነት ያለ ነው። ደግሞ ኤሊዎች አብዛኞቹ አንገታቸውን ወደ ውስጥ ይሰበስባሉ፤ ግሊፕቶዶን ይሄን አይችልም፤ ለዚያ ነው አናቱ ላይ ሌላ የአጥንት ቆብ የደፋው። ቆቡ የሌለበት ሥዕል ካጋጠማችሁ ሌላ ምረጡ፤ እኔ እሱን አላትምም።

“እሺ፣ ዳይኖሰር ነዋ!” እሱም አይደለም። ዳይኖሰሮች ከጠፉ 66 ሚሊዮን ዓመት ሆኗቸዋል። የመጨረሻዎቹ ግሊፕቶዶኖች ያለቁት ግን ከ10 ሺህ እስከ 12 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ነው። ለልጆቻችሁ በድንቅነሽ አስረዷቸው፤ እሷ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው፤ ግሊፕቶዶን የጠፋው ከእሷ ስንት ዘመን በኋላ፣ እንደኛ ዓይነት ሰው አሜሪካን ከረገጠ ወዲህ ነው።

ይሄን ስናገር ብዙ ጊዜ የሚከተለው ጥያቄ “ታዲያ እኛም አገር ነበራ?” የሚል ነው። አልነበረም። አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። የፓናማ የብስ ሁለቱን አህጉሮች ሲያገናኝ ከዘመዶቹ አንዳንዶቹ ወደ ሰሜን አሜሪካ ተሻግረዋል፤ አፍሪካ ግን አልደረሱም። የራሳችንን ጥንታዊ እንስሳት ማየት የሚፈልግ ከአዲስ አበባ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ርቆ መልካ ቁንጡሬ አለለት፤ የጥንት ሰዎች የድንጋይ መሣሪያም የጉማሬ ቅሪተ አጽምም የወጣበት ቦታ ነው፤ በ2024 የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ለእኛ ሰፈር ሰው ይሄ ቅርብ ነው፤ ልጆቻችሁን ውሰዷቸው።

ጅራቱን በተመለከተ ስህተቱ የሻጮች ነው። ጫፉ ላይ ዱላ የመሰለ ነገር ያለውን ሥዕል “ግሊፕቶዶን” ብለው ይሸጣሉ። ባለ ዱላው ቅድም ያነሳሁት ዶኤዲኩሩስ ነው። የግሊፕቶዶን ጅራት በአጥንት ቀለበቶች የተከበበ ነው፣ ዱላ የለውም። ሁለቱም ያምራሉ፣ ከሥር የሚጻፈው ስም ግን ትክክል ይሁን።

“ያን የመሰለ ጥሩር ለብሶ ማን ይነካዋል?” ሰው ነክቶታል። በ2024 የወጣ ጥናት በአርጀንቲና ዋና ከተማ በቦነስ አይረስ አቅራቢያ በተገኘ የአንድ ዘመዱ አጥንት ላይ በድንጋይ መሣሪያ ሥጋ የተመለመለበትን የቢላ ምልክት አሳይቷል፤ ዕድሜው 21 ሺህ ዓመት አካባቢ ነው።

ሳይንቲስቶቹም ቢሆኑ ወዲያው አላወቁትም። ዳርዊን በ1830ዎቹ መጀመሪያ አርጀንቲና ውስጥ የልባሱን ስባሪዎች ሲያገኝ ሜጋቴሪየም የሚባለው ግዙፍ እንስሳ ይሆናል የሚል ግምት ነበረው። እንግሊዛዊው የቅሪተ አካል ተመራማሪ ሪቻርድ ኦወን በ1839 ለብቻው ስም ሰጥቶ ለየው። የድሮ ሕትመት የምትወዱ ሰዎች ይሄን ልብ በሉ፤ ሥዕሉ ስላረጀ ብቻ ትክክል ነው ማለት አይደለም። ቀለሙንም እንዲሁ። ቡኒም ይሁን ግራጫ፣ ከአጥንት ቀለም አይነበብም፤ የሠዓሊው ግምት ነው።

የቀረው የፍሬሙ ነገር ነው። “መስታወት ካለው ፀሐይ አይጎዳውም” ይሉኛል። ተራ መስታወት ቀለም የሚያደበዝዘውን ጨረር ብዙውን ያሳልፈዋል፤ ከመስኮት ፊት ለፊት አትስቀሉት። ወረቀቱም መስታወቱን መንካት የለበትም፤ አዲስ የተለሰነ ግድግዳ እርጥበት ስለሚይዝ ወረቀቱ መስታወቱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። በመሀል ክፍተት እንዲተውላችሁ ፍሬም ሠሪውን ጠይቁት። ሚስማር ደግሞ በፍጹም! የኮንዶሚኒየም ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፤ ሚስማሩ የያዘ መስሎ ይቆይና ባለ መስታወት ፍሬም ሲከብደው ይነቀላል፣ ከሥሩ ደግሞ የልጅ አልጋ ሊኖር ይችላል። በድሪል ይበሳ፣ ፊሸር ይግባበት፣ ለትልቁ ፍሬም ሁለት ቦታ ይሁን።